የጓንት ሰፊው ልጅና የነገሥታቱ መድረክ

ከእኛ መካከል የዊልያም ሼክስፒርን ስም ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ ስላመጡልን፣ የፍቅሩን፣ የቅናቱንና የሥልጣን ጥሙን ታሪክ በገዛ ቋንቋችን ሰምተናል። ነገር ግን ይኸው ሰው ስለ አገሩ ነገሥታት ዐሥር ቴአትሮች እንደ ደረሰ፣ ከዐሥሩም ስምንቱ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ እንደ ሆኑ የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። አብዛኞቻችን ከስምንቱ አንዱን ብቻ፣ ያውም ለፈተና ስንል፣ ከግርጌ ማስታወሻው ጋር እየታገልን እናነባለን፤ ፈተናው ሲያልፍ መጽሐፉም ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።

ስለዚህ የዚህን ደራሲ ሕይወት ባጭሩ ስንተርክ በእነዚሁ የታሪክ ቴአትሮች በኩል ልንመለከተው ፈለግን። ምክንያታችንም ይህ ነው። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው አንድ ጀግና ወይም አንድ ክፉ ንጉሥ ያገኛል። ስምንቱን በተርታ በመድረክ ላይ ያየ ሰው ግን አንድ ረዥም ሒሳብ ያያል፤ አያት የተበደረውን የልጅ ልጅ ሲከፍለው ይመለከታል። ይህን ሒሳብ በሕዝብ ፊት የዘረጋው ደግሞ የዩኒቨርስቲ ደጃፍ ያልረገጠ የጓንት ሰፊ ልጅ ነበረ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ሼክስፒር የተወለደው በኤፕሪል 1564 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በኤቨን ወንዝ ዳር በምትገኘው በስትራትፎርድ ከተማ ነው። ኤፕሪል 26 ቀን ክርስትና እንደ ተነሣ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ያመለክታል። አባቱ ጆን ሼክስፒር ቆዳ እያለፋ የእጅ ጓንት ሰፍቶ የሚሸጥ ሰው ነበረ። በከተማው ተከብሮ በ1568 ዓ.ም. እስከ ከተማ ሹምነት ደረሰ። ልጁ ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር ግን አባት ዕዳ ገባበት፤ ከሹማምንቱም ስብሰባ መቅረት አበዛ። እናቱ ሜሪ አርደን ከደኅና ባላገር ቤት የወጣች ነበረች። በኋላ በቴአትሮቹ ውስጥ ሹመትና ክብር ከሰው እጅ እንዴት እንደሚያመልጥ ደጋግሞ ሲያሳየን፣ በዚያ በጓንት ሰፊው ቤት ያደገውን ልጅ ማሰባችን አይቀርም።

በከተማው በነበረው ትምህርት ቤት ላቲን ቋንቋ እንደ ተማረ ይታመናል። ከዚያ ወዲያ ግን ወደ ኦክስፎርድ ወይም ወደ ኬምብሪጅ አልሄደም። በ1582 ዓ.ም. ገና የ18 ዓመት ጐረምሳ ሳለ የ26 ዓመቷን አን ሃተዌይን አገባ። በ1583 ሱዛና የምትባል ልጅ ወለዱ፤ በ1585 ደግሞ ሐምኔትና ጁዲት የሚባሉ መንታዎች ተወለዱላቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህ የሦስት ልጆች አባት በሎንዶን ከተማ ተዋናይና ደራሲ ሆኖ ይገኛል።

የዚያን ጊዜውን የሎንዶን ቴአትር በዛሬው አዳራሽ ዓይን ማየት አይገባም። ጨዋታው የሚታየው ከቀትር በኋላ በፀሐይ ብርሃን ነበረ። መካከሉ ጣራ የለውም። መድረኩ ወደ ሕዝቡ መካከል ገፍቶ የወጣ ሆኖ ፊት ለፊቱን የሚሸፍን መጋረጃ አልነበረውም። የሴቶቹንም ቦታ የሚጫወቱት ድምፃቸው ያልጐረነነ ልጆች ነበሩ። አንድ ፔኒ የከፈለ በመድረኩ ዙሪያ ቆሞ ያያል፤ ሌላ ፔኒ የጨመረ በሰገነቱ ላይ ይቀመጣል። አንድ ፔኒ የአንድ ዳቦ ዋጋ ስለ ነበረ ተሸካሚውም፣ ጫማ ሰፊውም፣ አገልጋዩም፣ ከትምህርት የኮበለለው ልጅም መግባት ይችሉ ነበር። የአገሩን ታሪክ የያዙት ትልልቅ መጻሕፍት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚገኙ አልነበሩም። ሼክስፒር አብዝቶ የተጠቀመበት የሆሊንሼድ ዜና መዋዕል በ1587 ዓ.ም. ሁለተኛ ጊዜ ሲታተም፣ ገዝቶ ከቤቱ ሊያስቀምጠው የሚችለው ባለጠጋው ነበረ። እንግዲህ የዚህን ወጣት የመጀመሪያ ሥራ እንዲህ ልንለው እንችላለን፦ በባለጠጋ ቤት ተዘግቶ የነበረውን የነገሥታት ታሪክ አውጥቶ በአንድ ፔኒ ሸጠው።

ማርች 3 ቀን 1592 ዓ.ም. ሮዝ በሚባለው ቴአትር ቤት የ6ኛው ሄንሪ ታሪክ ታየ። የቤቱ ባለቤት ፊሊፕ ሄንስሎ የዕለቱን ድርሻውን በመዝገቡ ሲጽፍ 3 ፓውንድ ከ16 ሽልንግ ከ8 ፔኒ አለ፤ ይህም በዚያ ወራት ካስገቡለት ጨዋታዎች ሁሉ የበለጠ ነበረ። ብዙ ሊቃውንት ይህ ጨዋታ ዛሬ የ6ኛው ሄንሪ አንደኛ ክፍል ብለን የምናነበው ነው ይላሉ። በዚያው ዓመት ቶማስ ናሽ የተባለ ጸሐፊ፣ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የጦር አለቃ ቶልቦት በመድረክ ላይ እንደ ገና ሲወድቅ ዐሥር ሺህ የሚሆን ተመልካች በተለያየ ቀን እንዳለቀሰለት መሰከረ። አባቶቹ የተዋጉበትን ጦርነት ማንበብ የማይችል ሰው ቆሞ አለቀሰበት ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የሎንዶንን መድረክ በድርሰት ይመሩ የነበሩት የዩኒቨርስቲ ልጆች ነበሩ። ማርሎ፣ ግሪንና ናሽ ከኬምብሪጅ፣ ሊሊ፣ ፒልና ሎጅ ከኦክስፎርድ የወጡ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ሮበርት ግሪን በሴፕቴምበር 1592 ዓ.ም. በድኅነት ሞተ። ወዲያው በስሙ የታተመች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ፣ በሊቃውንቱ ላባ ያጌጠ አንድ ቁራ ተነሥቶአል፣ ከእኛ እኩል እጽፋለሁ ይላል እያለች አንድን ተዋናይ ትሰድባለች። ስሙን አጣምማ ስለምትጠራውና ከ6ኛው ሄንሪ ሦስተኛ ክፍል አንድ ስንኝ ወስዳ ስለምታፌዝበት፣ የተሰደበው ሼክስፒር መሆኑን ሁሉም ዐወቀ። መጽሐፏን ለኅትመት ያዘጋጀው ሄንሪ ቼትል በኋላ በነገሩ ማዘኑን በጽሑፍ ገልጿል። እኛ በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ የምንገኝ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ስናነብ ከማን ጋር እንደምንቆም ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው። ስድቡ የተጻፈው በእኛው ዓይነት ሰዎች እጅ ነበርና።

ስለ 6ኛው ሄንሪ የተደረሱት ሦስቱ ክፍሎችና እነርሱን የሚከተለው 3ኛው ሪቻርድ አንድ ላይ የመጀመሪያዎቹ አራት ቴአትሮች ናቸው። በእነርሱ ውስጥ እንግሊዝ ፈረንሳይን ታጣለች፣ ዮርክና ላንካስተር የተባሉ ሁለት የአንድ ዘር ቤቶች ይተላለቃሉ። በሁለተኛው ክፍል ጃክ ኬድ የተባለ ሰው በ1450 ዓ.ም. ያስነሣው ዐመፅ ይታያል። ዐመፀኞቹ ስሙን መጻፍ የሚችል አንድ ጸሐፊ ይዘው፣ ማንበብና መጻፍ በማወቁ ብቻ ብርዑንና ቀለሙን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ይሰቅሉታል። ይህ ትዕይንት ሲነበብ ቀልድ ይመስላል። በመድረክ ላይ ሲታይ ግን ሲስቅ የቆየው ተመልካች ድንገት ሳቁ ከጕሮሮው ይቀራል። በሦስተኛው ክፍል ደግሞ የዋሁ ንጉሥ ከጦርነቱ ገለል ብሎ በአንዲት ጕብታ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በአንድ ወገን አባቱን ሳያውቅ የገደለ ልጅ፣ በሌላው ወገን ልጁን ሳያውቅ የገደለ አባት ሬሳ እየጐተቱ ይመጣሉ። ለዘውድ የሚደረገው ጦርነት በተራው ሰው ቤት ምን እንደሚያደርስ ለማሳየት ደራሲው ከዚህ በላይ ብዙ ቃል አላስፈለገውም።

ከዚህ ሁሉ ደም በኋላ ነው ሣልሳዊው ሪቻርድ የሚመጣው። ይህን ንጉሥ መጀመሪያ የተጫወተው ዝነኛው ተዋናይ ሪቻርድ በርቤጅ ነበረ። ሪቻርድ ወንድሙን አስገድሎ፣ የወንድሙን ልጆች በግንብ አሳፍኖ ይነግሣል፤ በ1485 ዓ.ም. በቦስዎርዝ ሜዳ ይወድቃል። በጦርነቱ ዋዜማ የገደላቸው ሰዎች መንፈስ በየተራ ወደ ድንኳኑ ይገባል። አንዱን ቴአትር ብቻ ያየ ሰው እነዚህን መናፍስት በስም ብቻ ያውቃቸዋል። ያለፉትን ያየ ተመልካች ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹን በሕይወት ሳሉ ያውቃቸው ነበርና በየተራ ሲገቡ ፊታቸውን ይለያል።

ከ1592 እስከ 1594 ዓ.ም. ድረስ በሎንዶን ቸነፈር ስለ ገባ ቴአትር ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ተዘጉ። ሼክስፒርም በዚህ ጊዜ ሁለት ረዣዥም ግጥሞች አሳተመ። መድረኩ ሲከፈት የንግሥቲቱ ጠቅላይ የእልፍኝ ሹም ጠባቂ በሆነላቸው የተዋንያን ማኅበር ገብቶ ባለአክሲዮን ሆነ። ከዚህ ወዲያ ደራሲ ብቻ ሳይሆን ትርፍና ኪሣራን የሚካፈል ሰው ነው። ለየትኛው ተዋናይ ምን ዓይነት ቦታ እንደሚስማማ፣ ሕዝቡም በየት ላይ ዝም እንደሚልና በየት ላይ እንደሚንጫጫ በየቀኑ ያየው ነበር።

በ1595 ዓ.ም. አካባቢ ሼክስፒር እንደ ገና ወደ ነገሥታቱ ተመለሰ፤ ነገር ግን ወደ ፊት አልሄደም። ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰው ጠብ ከየት እንደ ጀመረ ለመፈለግ ወደ ኋላ፣ ወደ 1398 ዓ.ም. ሄደ። ዳግማዊው ሪቻርድ በሕግ የነገሠ ግን መንግሥትን የማያውቅበት ንጉሥ ነው። የአጎቱ ልጅ ቦሊንብሩክ በርስቱ ምክንያት ተነሥቶ ዙፋኑን ይነጥቀውና 4ኛው ሄንሪ ተብሎ ይነግሣል። ንጉሡ በሸንጎ ፊት ዘውዱን በእጁ አሳልፎ ሲሰጥ፣ መስታወት አስመጥቶ ፊቱን አይቶ መስታወቱን ሲሰባብር የምናይበት ትዕይንት ከሁሉ የበረታ ነው። ሆኖም ቴአትሩ በ1597 እና በ1598 ዓ.ም. ሲታተም ይህ ትዕይንት አልነበረበትም። በማተሚያ የወጣው ንግሥት ኤልሳቤጥ ከሞተች በኋላ በ1608 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ቴአትር ሁሉ ከመታየቱ በፊት በቤተ መንግሥቱ የጨዋታ ሹም ይመረመር ነበር። ንግሥቲቱ ሸምግላ ወራሽ አልነበራትምና ንጉሥ ከዙፋን ስለ መውረዱ የሚናገር ጽሑፍ እንደ ቀላል ነገር አይታይም ነበር። ጆን ሄይዋርድ የተባለ ጸሐፊ በ1599 ዓ.ም. ስለዚሁ ስለ 4ኛው ሄንሪ መንገሥ የታሪክ መጽሐፍ በማውጣቱ በ1600 ዓ.ም. በሎንዶን ግንብ ታስሯል።

በኦገስት 1596 ዓ.ም. የሼክስፒር አንድ ወንድ ልጅ ሐምኔት በ11 ዓመቱ ሞቶ በስትራትፎርድ ተቀበረ። አባቱ ስለዚህ ኀዘን የተወው ጽሑፍ የለም። በዚያን ጊዜ አካባቢ የጻፋቸው የ4ኛው ሄንሪ ሁለት ክፍሎች ግን ከዳር እስከ ዳር የአባትና የልጅ ነገር ናቸው። ዙፋን የነጠቀው ንጉሥ እንቅልፍ አጥቷል፤ አልጋ ወራሹ ልዑል ሃል ደግሞ በመሸታ ቤት ከወፍራሙ ባላባት ከፎልስታፍ ጋር ይውላል። ፎልስታፍ ዋሽቶ የሚያስቅ፣ ሰክሮ እውነት የሚናገር፣ በጦር ሜዳም ክብር ለሞተ ሰው ምን ይጠቅመዋል ብሎ የሚከራከር ፍጡር ነው። ስሙ በመጀመሪያ ኦልድካስል ነበረ፤ የዚያ ስም ባለቤት ዘመዶች የሆኑት ታላላቅ ሰዎች ስለ ተቈጡ ተለወጠ። ንጉሡ ሊሞት ሲቃረብ ልጁ የሞተ መስሎት ዘውዱን ከትራሱ ላይ አንሥቶ ይሄዳል። አባትየው ነቅቶ ዘውዱን ሲያጣ ልቡ ይሰበራል። ከታረቁም በኋላ ለልጁ የሚተውለት ምክር፣ የነጠቅነውን ዙፋን ሰዎች እንዳይጠይቁህ በባዕድ አገር ጦርነት አሳባቸውን ያዝ የሚል ነው። ልጁም ሲነግሥ ፎልስታፍን በሕዝብ ፊት አላውቅህም ይለዋል። በዚያች ሰዓት ተመልካቹ ንጉሡ ትክክል መሥራቱን እያወቀ ልቡ ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀራል።

በዲሴምበር 1598 ዓ.ም. መጨረሻ የሼክስፒር ማኅበር ከመሬት ባለቤቱ ጋር በኪራይ ስለ ተጣላ፣ ተዋንያኑ አናጢ ይዘው አሮጌውን ቴአትር ቤታቸውን አፈረሱና እንጨቱን ወደ ቴምዝ ወንዝ ማዶ አሻገሩት። በዚያ እንጨት ግሎብ የተባለው ቴአትር ቤት በ1599 ዓ.ም. ተሠራ። የቤቱ ባለድርሻ ከሆኑት አንዱ ሼክስፒር ነው። በዚያው ዓመት 5ኛው ሄንሪ ታየ። ይህን ቴአትር ብቻ ያነበበ ሰው በ1415 ዓ.ም. በአዠንኩር ጦርነት ጥቂቱ ብዙውን ያሸነፈበትን የድል ዜማ ይሰማል። በተርታ ያየው ሰው ግን ሌላም ነገር ይሰማል። ወደ ፈረንሳይ መዝመቱ የሞተው አባት ምክር መሆኑን ያስታውሳል። በጦርነቱ ዋዜማ ንጉሡ ካባ ተከናንቦ በወታደሮቹ መካከል ሲዞር፣ ዊልያምስ የተባለ ተራ ወታደር፣ ጦርነቱ ያለ ፍርድ የተነሣ ከሆነ የተቈረጠው እጅና እግር ሁሉ በመጨረሻው ቀን ንጉሡን ይጠይቀዋል የሚል አሳብ ያቀርባል። ንጉሡ ብቻውን ሲቀር ይጸልያል፤ ልመናውም አባቱ ዘውዱን ያገኘበት በደል በዚያች ቀን እንዳይታሰብበት ነው። እንግዲህ በድሉ ቀን እንኳ ዕዳው አልተረሳም።

ከሁሉ የሚደንቀው የዚህ ቴአትር መዝጊያ ነው። ሕዝቡ ለድሉ ሊያጨበጭብ ሲዘጋጅ ተራኪው ወጥቶ፣ ይህ ንጉሥ በወጣትነቱ እንደ ሞተ፣ በሕፃንነቱ የነገሠው ልጁም ፈረንሳይን እንዳጣ፣ ይህንንም ይኸው መድረክ ብዙ ጊዜ እንዳሳየ ያስታውሳል። ይህ ማለት ደራሲው በመጨረሻ የጻፈውን ታሪክ መጀመሪያ ከጻፈው ከ6ኛው ሄንሪ ጋር በገዛ እጁ ቋጠረው። ስምንቱን በተርታ የሚያሳይ ጨዋታ ከውጭ የተለጠፈ አሳብ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የዚህ ነገር ኀይል በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ እንዳልነበረ ፌብሩዋሪ 1601 ዓ.ም. አሳየ። በንግሥቲቱ ላይ ለማመፅ ያሰበው የኤሴክስ መስፍን ወዳጆች ወደ ተዋንያኑ መጥተው፣ የዳግማዊው ሪቻርድን ከዙፋን መውረድ እንዲያሳዩላቸው ጠየቁ። ተዋንያኑ ቴአትሩ ያረጀ ስለ ሆነ ሰው አይመጣም ቢሉ፣ ከተለመደው ገቢ በላይ 40 ሽልንግ ጨመሩላቸው። ቴአትሩ ፌብሩዋሪ 7 ቀን ታየ፤ በማግሥቱ መስፍኑ ወደ ሎንዶን ጐዳና ወጣ። ሕዝቡ ግን አልተከተለውም፤ በዚያው ወር 25 ቀን በሞት ተቀጣ። ከተዋንያኑ አንዱ ኦገስቲን ፊሊፕስ ተጠርቶ በመሐላ ተመረመረ፤ ማኅበሩ ግን ሳይቀጣ ቀረ፤ እንዲያውም መስፍኑ በሚቀጣበት ዋዜማ በንግሥቲቱ ፊት ተጫወተ። ዐመፀኞቹ የስሕተታቸው ሥር አንዱን ቴአትር ብቻ ማየታቸው ይመስለናል። ዳግማዊውን ሪቻርድ ለብቻው ያየ ዙፋን መንጠቅ የሚቻል መሆኑን ይማራል፤ ተከታዮቹን ሰባቱን ያየ ደግሞ ዋጋውን ይማራል።

ይሁን እንጂ ሼክስፒርን እንደ ታሪክ ምስክር ብቻ መቀበል አይገባም። ንግሥት ኤልሳቤጥ በቦስዎርዝ ያሸነፈው የ7ኛው ሄንሪ የልጅ ልጅ ነበረችና ሣልሳዊው ሪቻርድ በአሸናፊዎቹ ቀለም የተሣለ ነው። የዚህ ንጉሥ አፅም በ2012 ዓ.ም. በሌስተር ከተማ በመኪና ማቆሚያ ሥር ተቈፍሮ ሲወጣ፣ የጀርባው አጥንት ወደ ጐን የጐበጠ ቢሆንም ቴአትሩ እንደሚለው የሰለለ ክንድ አልተገኘበትም። ሆትስፐር የተባለውም ጀግና በእውነቱ ከልዑል ሃል አባት እንኳ በዕድሜ የሚበልጥ ሲሆን፣ ለመድረኩ ሲባል የልዑሉ እኩያ ተደርጓል። ፈረንሳዮች የሚያከብሯት ዣን ዳርክም እንደ ጠንቋይ ተቈጥራ ተዋርዳለች። ይህን ማወቅ ቴአትሮቹን አያሳንስብንም። ታሪክን ማን እንደሚጽፈውና ለማን ብሎ እንደሚጽፈው እንድንጠይቅ ያደርገናል፤ ይህም ጥያቄ ለአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ የዕለት እንጀራው ነው።

በ1603 ዓ.ም. ንግሥቲቱ ስትሞት ማኅበሩ የንጉሥ ጄምስ ተዋንያን ተባለ። ታላላቆቹን የሐዘን ቴአትሮች ከጻፈም በኋላ ሼክስፒር በመጨረሻ ከጆን ፍሌቸር ጋር ሆኖ የ8ኛውን ሄንሪ ታሪክ ደረሰ። ጁን 29 ቀን 1613 ዓ.ም. ይኸው ቴአትር ሲታይ የተተኰሰው መድፍ የግሎብን የሣር ክዳን አቃጠለውና ቤቱ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ወደመ። ሱሪው በእሳት የተያያዘ አንድ ሰው በእጁ በያዘው ቢራ አጠፋው ይባላል እንጂ ከሰው የሞተ የለም። ሼክስፒር ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ዓ.ም. በ52 ዓመቱ በስትራትፎርድ አረፈ። በዚያን ጊዜ ከቴአትሮቹ ግማሽ ያህሉ ገና አልታተሙም ነበር። ሄሚንግስና ኮንደል የተባሉ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ በ1623 ዓ.ም. 36 ቴአትሮቹን ሰብስበው በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ዐሥሩን የታሪክ ቴአትሮች የደረደሯቸው በተጻፉበት ጊዜ ሳይሆን በነገሥታቱ ተራ ነው። ወዳጆቹ ሰንሰለቱን አሟልተው ለእኛ ያስረከቡን በዚህ ነው።

ሰንሰለቱ ግን በመድረክ ላይ ሳይዘረጋ ብዙ ዘመን ቈየ። በ1864 ዓ.ም. ደራሲው በተወለደ በ300 ዓመቱ ፍራንዝ ዲንገልሽቴት በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ ስምንቱን በሰባት አጠቃልሎ በተርታ አሳየ። በ1901 ዓ.ም. ፍራንክ ቤንሰን በስትራትፎርድ ስድስት የነገሥታት ቴአትሮችን በአንድ ሳምንት አቀረበ፤ ይህን ያየው የአየርላንዱ ባለቅኔ ዬትስ ስለ ነገሩ አንድ ድርሰት ጽፏል። በ1951 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ከዳግማዊው ሪቻርድ እስከ 5ኛው ሄንሪ ያሉት አራቱ ሲታዩ ልዑል ሃልን የተጫወተው ሪቻርድ በርተን ነበረ። በ1963 ዓ.ም. ፒተር ሆልና ጆን ባርተን የመጨረሻዎቹን አራቱን በሦስት አጠቃለሉ። በዚያ ጨዋታ ፔጊ አሽክሮፍት ንግሥት ማርጋሬትን ስትጫወት፣ ለጋብቻ የምትመጣ ልጃገረድ፣ ከዚያ የጦር መሪ፣ ከዚያም ልጇ የተገደለባት እናት፣ በመጨረሻ የምትራገም አሮጊት ሆና ታየች። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ማይክል ቦይድ ስምንቱንም በአንድ የተዋንያን ጓድ ሲያሳይ፣ ዳግማዊውንም ሪቻርድ ሣልሳዊውንም ሪቻርድ የተጫወተው ጆናተን ስሊንገር ነው። ዘውድ የተነጠቀው የመጀመሪያው ንጉሥና ዘውድ ነጣቂው የመጨረሻው ንጉሥ አንድ ፊት ነበራቸው ማለት ነው።

መጽሐፍ ሊሰጠን የማይችለው ይህን ነው። ስንት ሰው እንደ ተገደለ በገጽ ላይ ስናነብ ስሙን ረስተን እንገለብጠዋለን። በመድረክ ላይ ግን ትናንት ማታ የሞተው ሰው ዛሬ በሌላ ልብስ ተመልሶ ይመጣል፤ አንዱ ዘውድ ከራስ ወደ ራስ ሲዞር በዓይናችን እንከተለዋለን። 87 ዓመት የፈጀው ታሪክ በጥቂት ቀን ሲያልፍ፣ እያንዳንዱ ነገሠ የተባለ ሰው የነገሩ መጨረሻ እኔ ነኝ ብሎ ማመኑን እናያለን፤ እኛ ግን የሚቀጥለውን እናውቃለን። ያ የአንድ ፔኒ ተመልካች በመድረኩ ዙሪያ ቆሞ፣ በዚያች ከሰዓት በኋላ ከነገሥታቱ የበለጠ ዐዋቂ ነበረ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ከዚህ የተነሣ አንድ ትንሽ አሳብ እናቀርባለን። ከእኛ ብዙዎቻችን ወደ ስትራትፎርድ የምንሄድበት ገንዘብ የለንም። ስምንት ምሽትና ስምንት አንባቢ ግን አናጣም። ከዳግማዊው ሪቻርድ ጀምረን፣ ቦታውን ተከፋፍለን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን በተርታ እናንብባቸው። ዘውዱ ከወረቀት የተሠራ ቢሆን ግድ የለም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እንየው። ጽሑፉ ያስቸገረን እንደ ሆነም፣ ዩኒቨርስቲ ያልገባው የጓንት ሰፊ ልጅ ለፈተና ብሎ እንዳልጻፈው እናስታውስ። የጻፈው ቆመው ለሚያዩት ነው።